ስለ ፊልም ማንሻ አገሮች፤ የዋርዛዛት ምሳሌ

ፓራማውንት የተባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ በ1927 አንድ የካሊፎርኒያ ካርታ አዘጋጅቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ካርታው የካሊፎርኒያ ይሁን እንጂ በላዩ የሰፈሩት ስሞች የካሊፎርኒያ አይደሉም። በአንድ በኩል ሳይቤሪያ፥ በሌላው በኩል የሰሐራ በረሓ፥ ወዲያ ደግሞ የዓባይ ወንዝ፥ ስዊዘርላንድ፥ እስፓኝ፥ ቬኒስ ተብሎ ተጽፎበታል። ይህ ለቀልድ የተሠራ አይደለም። በረዶ የሚያስፈልገው ታሪክ ሲመጣ ወዴት እንደሚኬድ፥ አሸዋ የሚያስፈልገው ሲመጣም ወዴት እንደሚኬድ የሚያመለክት የሥራ ካርታ ነው። እውነተኛይቱ ሳይቤሪያ ድረስ መሄድ አላስፈለገም፤ ሳይቤሪያን የምትመስለው ስፍራ በዚያው በካሊፎርኒያ ተገኝታለችና።

ከዚህ ካርታ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ አውራጃ ፊልም ሠሪዎችን ለመሳብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ያማሩ ተራሮቹንና ፏፏቴዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ መበተን ነው። ነገር ግን ያማረ ተራራ ያለው አገር በዓለም ላይ ብዙ ነው። ፕሮዲውሰሩ እርሳስ ይዞ የሚያሰላው የተራራውን ውበት ሳይሆን ከተራራው እስከ አሸዋው፥ ከአሸዋው እስከ ሆቴሉ ያለውን ሰዓት ነው። መካከለኛ የሆነ ፊልም እንኳ 100 ወይም 200 ሠራተኛ ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ ካሜራው፥ መብራቱ፥ ጄኔሬተሩ፥ ልብሱ፥ ስንቁ፥ አንዳንዴም ፈረሱ አብሮ ይጓዛል። ይህ ሁሉ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ሲዛወር አንድ ቀን ቢያልፍ፥ ያ ቀን ደመወዙ ተከፍሎበት አንዲት ሴኮንድ ፊልም ያልተገኘበት ቀን ነው። በሎስ አንጀለስ የፊልም ሠራተኞች ማኅበራትና አሠሪዎቻቸው ከአንድ መስቀለኛ መንገድ ተነሥቶ በ30 ማይል የሚከበብ ክልል ወስነዋል፤ ሥራው ከክልሉ ከወጣ የጉዞና የማደሪያ ወጪ ይጨመራል። እንግዲህ የአንድ አገር መልክ ልዩ ልዩ መሆኑ ዋጋ የሚኖረው፥ ልዩነቱ በአጭር መንገድ ውስጥ ሲገኝ ነው ማለት ነው። በሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቆ የሚገኝ ልዩነት ለጂኦግራፊ መምህር እንጂ ለፊልም ሠሪ ብዙ አይጠቅምም።

ይህን በሚገባ የሚያስረዳ አንድ ስፍራ ብንፈልግ ከሞሮኮዋ ዋርዛዛት የተሻለ አናገኝም። ዋርዛዛት ከማራኬሽ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በመንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከአትላስ ተራሮች ማዶ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከማራኬሽ የሚመጣው መንገድ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነው በቲዚ ንቲሽካ በር ያልፋል። በታኅሣሥና በጥር ወራት ከከተማዋ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው በረዶ የለበሱ ጫፎችን ያያል። ወደ ደቡብ የተጓዘ እንደ ሆነ በድራ ሸለቆ ዳርና ዳር ተሰልፎ የሚወርደውን የተምር ዛፍ፥ ወደ ዛጎራ ሲቀርብም የአሸዋውን ክምር ያገኛል። በስተ ምሥራቅ በዳዴስ በኩል ቀይ ገደል አለ። በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ አይት ቤን ሐዱ የተባለው፥ በጭቃ የተሠራውና በቅጥር የተከበበው ጥንታዊ መንደር ይገኛል፤ መንደሩ በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

የቀረው ዙሪያው ድንጋያማ ሜዳ ነው፤ ምንም የሌለበት ሜዳ። አንባቢ ይህ ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። ምንም የሌለበት ሜዳ ለፊልም ሠሪ ብርቅ ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶ፥ የቆርቆሮ ቤትና የመኪና መንገድ የማይታይበት አድማስ ካለ የሁለት ሺህ ዓመት ታሪክ ሊነሣበት ይቻላል። ፀሐዩም አለ። ሞሮኮ ኑር የተባለውን ታላቅ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ያቆመችው በዚችው ከተማ አጠገብ መሆኑ (የመጀመሪያው ክፍል በ2016 ተመርቋል) ስለ ሰማይዋ በቂ ምስክር ነው። ፊልም ሠሪው ከፀሐይ የሚፈልገው ግን ሙቀቷን አይደለም፤ አለመለዋወጧን ነው። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን የሦስት ደቂቃ ትዕይንት ለማንሳት ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ጧት ብራ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ደመና ከመጣ ጠያቂው በፀሐይ፥ መላሹ በጥላ ይሆኑና ሥራው ይበላሻል።

ሞሮኮ ለፊልም ሠሪዎች መዋል የጀመረችው በዋርዛዛት ብቻ አይደለም። ኦርሰን ዌልስ «ኦቴሎ»ን በ1949 ያነሣው በአትላንቲክ ዳር ባለችው፥ ያን ጊዜ ሞጋዶር፥ አሁን ኤሳዊራ በምትባለው የወደብ ከተማ ነበር። ገንዘብ እያለቀበት ሥራው እየተቋረጠ ዓመታት ፈጀ። ልብሱ በጊዜው ባይደርስለት ተዋናዮቹን ፎጣ አስገልድሞ የግድያውን ትዕይንት በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አደረገው ይባላል። (ልብስ ሰፊ በአቅራቢያ ባለመኖሩ ሼክስፒር ገላ መታጠቢያ ቤት የገባበት ጊዜ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።) ፊልሙ በ1952 በካን የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ሲካፈል የቀረበው በሞሮኮ ስም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን በ1962 የወጣው የዴቪድ ሊን «ሎረንስ ኦፍ አረቢያ» ነው። ታሪኩ የዐረብ በረሓ ታሪክ ስለሆነ ሥራው በ1961 በዮርዳኖስ ተጀመረ። ዋዲ ሩም የተባለው ቀይ በረሓ ውበቱ ተወዳዳሪ የለውም፤ ንጉሥ ሑሴንም ሰውና ግመል በመስጠት ረድተዋል። ዳሩ ግን ውሃው ሳይቀር ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ሆነና ወጪው በየቀኑ አደገ። ፕሮዲውሰሩ ሳም ስፒገል ሥራውን ወደ እስፓኝ አዛወረው። በዚያም የዓቀባ ከተማ በአልሜሪያ አውራጃ በባሕር ዳር ላይ እንደ አዲስ ተሠራች፤ የሴቪል ሕንጻዎችም የካይሮ ሕንጻዎች ሆኑ። በመጨረሻም ቡድኑ ወደ ሞሮኮ ተሻግሮ በዋርዛዛት ዙሪያ የጦርነት ትዕይንት አነሣ። ቱርክ ሆነው የተሰለፉት የሞሮኮ ወታደሮች ናቸው።

ይህን ልብ ብለን እንመልከተው። ታሪኩ የተፈጸመበት እውነተኛው ስፍራ ሥራውን እስከ ፍጻሜው ሊይዘው አልቻለም። ያማረ ነበር፤ እውነተኛም ነበር፤ ግን ሩቅ ነበር። ሥራው የሄደው መንገድ፥ ሆቴል፥ አናጢና የሚታዘዝ ጦር ወዳለበት አገር ነው። አልሜሪያም ቢሆን ከዚህ በኋላ ሥራ አላጣም፤ ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1965ና በ1966 ያወጣቸውን ስለ አሜሪካ ምዕራብ የሚናገሩ ፊልሞች ያነሣው በታቤርናስ በረሓ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የከተማ አምሳያ መሥራት የተማረ አናጢ ለሁለተኛው ፊልም መማር አያስፈልገውም።

ዋርዛዛትም የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው። በ1983 ሙሐመድ ቤልግሚ የተባሉ ሞሮኳዊ ባለ ሀብት አትላስ ስቱዲዮን አቋቋሙ። ስቱዲዮ በሌለበት አገር የሚመጣ ፊልም ሚስማሩን ሳይቀር ይዞ መጥቶ የተረፈውን ይዞ ይመለሳል። ስቱዲዮ ሲኖር ግን የተሠራው ነገር እዚያው ይቀራል። ለአንዱ ፊልም የቆመው የግብፅ ቤተ መቅደስ ቀለሙ ተለውጦ ለሌላው ይውላል፤ ሥራ በማይኖርበት ወራትም ጎብኚ ገንዘብ ከፍሎ ይገባበታል። ከዕቃው ይልቅ የሚበልጠው ግን እጅ ነው። በጭቃና በጭድ ግንብ ማቆም ከአባቱ የወረሰው የአካባቢው ግንበኛ የኢየሩሳሌምን ቅጥር በእንጨትና በጀሶ ለማቆም ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ልብስ ሰፊው፥ ፈረስ ገሪው፥ የመብራት ሠራተኛው፥ ለ300 ሰው ምሳ በበረሓ ላይ የሚያቀርበው ወጥ ቤት ሁሉ በየፊልሙ ሥራውን ተማረ። ዛሬ የውጭ አገር ፕሮዲውሰር ወደዚያ ሲሄድ ከአገሩ የሚያመጣው ሰው ቁጥር የቀነሰው ለዚህ ነው፤ ይህም መልሶ ራሱን የቻለ መሳቢያ ሆነ።

ስለ ጽሕፈት ቤት ሥራ በአጭሩ ልለፍ፤ ነገሩ ደረቅ ቢሆንም ብዙ አገሮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የሞሮኮ የሲኒማ ማዕከል የተቋቋመው በ1944፥ በፈረንሳይ ጥበቃ ዘመን ነው፤ ነጻነት በ1956 ሲመጣም አልፈረሰም። የውጭ አገር ፊልም ፈቃድ የሚጠይቀው ከዚህ ማዕከል ነው። አንድ ካሜራ ጉምሩክ ላይ ሁለት ሳምንት ቢታሰር የዓለም ውብ ተራራ ሁሉ አይክሰውም። ለፊልም ተብሎ የሚገባ የጦር መሣሪያ አምሳያም ከጦር ሠራዊትና ከፖሊስ ጋር አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት ብዙ ችግር ያመጣል። በ2018 ደግሞ መንግሥት የውጭ ፊልም ሠሪ በአገር ውስጥ ካወጣው ወጪ 20 በመቶውን ይመልስለት ጀመር፤ በ2022 ወደ 30 በመቶ ከፍ አደረገው። ይኸውም ለምሳሌ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠርለት ወጪ ያወጣ ኩባንያ 3 ሚሊዮን ይመለስለታል ማለት ነው።

የኤኮኖሚ ተማሪ ጓደኞቻችን እዚህ ላይ ቅር ሊላቸው ይገባል፤ እኔንም ቅር ይለኛል። ተመላሽ ገንዘብ ጨረታ ነው። አንዱ 20 ሲል ጎረቤቱ 25 ይላል፤ ያም 30 ይላል፤ ፊልሙም ሥር የሌለው ነገር ስለሆነ ተነቅሎ ይሄዳል። ተነቅሎ ለመሄድ እንዲያውም ገንዘብ ላያስፈልገው ይችላል። በ2015 የወጣው «ማድ ማክስ፥ ፊውሪ ሮድ» በአውስትራሊያ በብሮከን ሂል ሊነሣ ታስቦ ሳለ፥ ያልተጠበቀ ዝናብ ዘንቦ በረሓው አበባ በአበባ ሆነ። የፈለጉት ደረቅ ምድር ነበርና ሥራው ወደ ናሚቢያ ሄደ። ለገበሬው በረከት የሆነው ዝናብ ለሆቴል ቤቱ ኪሳራ ሆነ። በናሚቢያም ቢሆን ተሽከርካሪዎቹ የጥንቱን በረሓ ገጽ ጎድተዋል የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። በበረሓ መሬት ላይ የተተወ የጎማ ፈለግ በቶሎ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዋርዛዛትና አካባቢዋ በፊልም ላይ ምን ምን ሆነው ታዩ? በማርቲን ስኮርሴዚ እጅ በ1988 ቅድስቲቱ ምድር ሆኑ፤ በ1997 ደግሞ «ኩንዱን» በተባለው ፊልም ቲቤት ሆኑ። በ2000 «ግላዲያተር» ሲወጣ የጭቃ ቤቶቹ የሮማ ግዛት የሆነች የአፍሪካ ከተማ ሆኑ፤ (የጀርመን ጫካ የተባለው ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር፥ ሮማ ራሷም በማልታ ደሴት ተነሥተዋል)። በ2005 «ኪንግደም ኦፍ ሄቨን» ኢየሩሳሌም አደረጋቸው። ከዋርዛዛት ርቀን ወደ ራባትና ሳሌ ብንሄድ ደግሞ በ2001 የወጣው «ብላክ ሆክ ዳውን» እነዚያን ከተሞች ሞቃዲሾ አድርጓቸዋል። ይህን ሁሉ ስንቆጥር አንድ ስም ጎድሎ እናገኘዋለን። አይት ቤን ሐዱ አይት ቤን ሐዱ ሆኖ የታየበት ታላቅ የውጭ ፊልም ለመጥቀስ ያስቸግራል። መንደሩ ሁሉን መምሰል በመቻሉ ታወቀ፤ ራሱን ሆኖ ለመታየት ግን ዕድል አላገኘም። ከመንደሩ ነዋሪዎችም አብዛኞቹ ወንዙን ተሻግረው ወደ አዲሱ ሰፈር ገብተዋል፤ በአሮጌው ቅጥር ውስጥ የቀሩት ቤተ ሰቦች ጥቂት ናቸው። መስከረም 2023 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ግንቦቹ ሲሰነጠቁ ዓለም ያዘነው «ግላዲያተር የተነሣበት ስፍራ ተጎዳ» እያለ ነው።

ሕዝብ ሆነው በትዕይንቱ ውስጥ የሚቆሙትን ሰዎች ደግሞ እናስብ። ዓሊ ኤሳፊ የተባለ ሞሮኳዊ ዲሬክተር በ2001 «ዋርዛዛት ሙቪ» በሚል ዘጋቢ ፊልም ኑሮአቸውን አሳይቷል። በሰልፍ ቆመው ይመረጣሉ፤ ጺም ያለው፥ ጥርስ የጎደለው፥ ፊቱ ያረጀው ይፈለጋል። አንድ ሰው ዛሬ ሮማዊ ባሪያ፥ ነገ የዐረብ ሽፍታ ይሆናል። የሚከፈለው የቀን ሒሳብ ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ ያልቃል። ዋናው ተዋናይ የሚያገኘውን ከዚህ ጋር ማስተያየት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

እንግዲህ አንዳንድ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ነገሩ ሁሉ ብዝበዛ ነው፥ በር ቢዘጋ ይሻላል ይላሉ። በበኩሌ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። በዋርዛዛት ፊልም ባይኖር በቦታው የሚተካው ፋብሪካ አልነበረም፤ የሚተካው ወደ ካዛብላንካና ወደ ፈረንሳይ መሰደድ ነበር። ሞሮኮም ከ1980 ጀምሮ ለገዛ ፊልም ሠሪዎቿ የመንግሥት ድጎማ ትሰጣለች፤ በ2010ዎቹ በዓመት 20 ያህል ረጃጅም ፊልሞች ይሠሩ ነበር። ለሆሊውድ መብራት የተሸከመው ልጅ በሞሮኮ ፊልም ላይ የመብራት ኃላፊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ በራሱ ጊዜ የሚመጣ አይደለም። አንድ አገር ፊልም ሲያስገባ በውሉ ላይ የሚጽፈው ነገር ይወስነዋል፤ ስንት የአገር ልጅ በየክፍሉ ረዳት ሆኖ ይቀጠራል? የማንስ ስም በፊልሙ መጨረሻ ይጻፋል? ከሥራው በኋላ መሬቱን ማን ይጠግናል? ለምን ያህል ቀን ሥራ ምን ይከፈላል? ውሉ ስለዚህ ዝም ካለ፥ የሚቀረው ተመላሽ ገንዘቡን የከፈለው የመንግሥት ግምጃ ቤትና የጀሶ ሐውልት ብቻ ነው።

ነገሩ ከእኛ ይርቃል የሚል አንባቢ ቢኖር እንዲህ ያስብ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት በሱዳን ቀይ ባሕር ዳር የመዝናኛ ሆቴል ከፍቶ ቤተ እስራኤላውያንን በስውር ያሻገረበት ታሪክ፥ «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ተብሎ በ2019 ፊልም ሆነ። ታሪኩ የኢትዮጵያውያን ታሪክ ነው። ፊልሙ የተነሣው ግን በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። የዮርዳኖስ ዕጣ በእኛም ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ ያውም በዮርዳኖስ ሥራው ቢያንስ ተጀምሮ ነበር። ከዚያ በፊት በ1973 የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በከፊል በኢትዮጵያ ተነሥቶ ነበርና በሩ ተዘግቶ የኖረ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) እና የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015) ደግሞ አገሩ ሌላ አገር ሳይመስል ራሱን ሆኖ የታየባቸው ናቸው።

በክርክር ማኅበራችን ይህ ነገር ሲነሣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስሜን አለን፥ ዳሎል አለን፥ የ13 ወር ፀሐይ አለን ይባላል። አለን። ነገር ግን የ13 ወር ፀሐይ የሚለው አባባል ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚቆም ካሜራ አይሠራም። ስሜንና ዳሎልም በካርታ ላይ ቢቀራረቡ በጭነት መኪና አይቀራረቡም። ለካሊፎርኒያው ካርታ የሚቀርበው ምሳሌ በእኔ ግምት ሌላ ነው። መቀሌ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ከዚያ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው የዳሎል ጨው ሜዳ ይወረዳል፤ በሌላው በኩል የገርዓልታ ዓምዶችና ከዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ደጋ፥ ገደል፥ ጨው፥ እሳተ ገሞራ በአንድ አካባቢ። ያም አካባቢ ከ2020 እስከ 2022 በጦርነት ውስጥ ነበር። ኢንሹራንስ የማይሸፍነው ስፍራ ላይ ፊልም አይነሣም፤ ኢንሹራንስም ጦርነት ካለፈ በኋላ እንኳ ለብዙ ጊዜ ይጠራጠራል። ይህን ፎቶግራፍ በመበተን ማስቀረት አይቻልም።

ሰላም በእኛ በተማሪዎች እጅ አይደለም። የሚከተለው ግን ነው። ከመቀሌ ወደ ጨው ሜዳው የሚወስደው መንገድ ጄኔሬተር ለጫነ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፥ በየትኞቹ ወራት ሙቀቱ ሰውንና ካሜራን እንደሚፈቅድ፥ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፥ 150 ሰው የት እንደሚያድር፥ ፈቃድ ከየትኛው ቢሮ በስንት ቀን እንደሚወጣ፥ የአፋር ጨው ቆራጮች ሥራቸው ለአንድ ሳምንት ቢቋረጥባቸው ምን ሊከፈላቸው እንደሚገባ ሄዶ ጠይቆ በጥቂት ገጾች መጻፍ ይቻላል። የጂኦግራፊና የሕግ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት ሲያጡ ይህን ሊወስዱት ይችላሉ፤ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ተማሪዎች ደግሞ በዚያ ጨው ላይ የሚቆመውን ታሪክ መጻፍ ይቀርልናል።